የአየርን መናወጥ አስቀድሞ ስለ ማወቅ፤ ከይጁቤ አፋፍ እስከ አይሮፕላን መንገድ

በአይሮፕላን የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሞተሩም ያለ እንከን እየሠራ ሳለ፣ አይሮፕላኑ ኰረኰንች ላይ እንደ ወጣ ጋሪ ይንገጫገጫል፤ አንዳንዴም በድንገት ዝቅ ሲል የተሳፋሪው ልብ ድንግጥ ይላል። መንገደኛው «አየር ጉድጓድ ገባን» ይላል። በአየር ውስጥ ግን ጉድጓድ የለም። ያለው አየር ብቻ ነው፤ ይኸውም አየር በአንዱ ስፍራ ወደ ላይ፣ በሌላው ስፍራ ወደ ታች ሲሄድ አይሮፕላኑ ሁለቱን በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ አቋርጦ ያልፋል። አብራሪዎች ተርቡለንስ የሚሉት ይኸው ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ «የአየር መናወጥ» እያልን እንጠራዋለን። ልናስረዳ የምንሞክረው መናወጡ ከየት እንደሚመጣና እስከ ምን ድረስ አስቀድሞ ሊታወቅ እንደሚችል ነው። የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለምሳሌ የመረጥነው ቦታ ይጁቤ ነው። ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በባሶ ሊበን ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል መኪና የሚያቋርጠው ይኸው ሸለቆ ጥልቀቱ 1,500 ሜትር ያህል ነው። በስተሰሜን ደግሞ የጮቄ ተራሮች ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር አልፈው ይቆማሉ። በመካከል ያለው ደጋ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲለካ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር ብንሰነዝር መስመሩ ከይጁቤ በስተምሥራቅ ዓባይን ተሻግሮ በጮቄ አካባቢ ያልፋል። እንግዲህ በጥቂት ደቂቃ በረራ ውስጥ ቈላ፣ ገደል፣ ደጋና ውርጭ ከአይሮፕላኑ በታች ይፈራረቃሉ ማለት ነው። አየርን ለማናወጥ ከዚህ የተሻለ ምድር መፈለግ አያሻም።

በመጀመሪያ አይሮፕላኑ ለምን እንደሚመታ እንመልከት። ክንፍ የሚሸከመው ክብደት አየሩ በሚመጣበት ማእዘን ላይ የተመሠረተ ነው። በሴኮንድ 100 ሜትር የሚበር አይሮፕላን በሴኮንድ 5 ሜትር ወደ ላይ በሚወጣ አየር ውስጥ በድንገት ቢገባ፣ አየሩ ክንፉን የሚያገኝበት ማእዘን ወደ 3 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ክንፉ አስቀድሞ አይሮፕላኑን የተሸከመው በ6 ዲግሪ ያህል ከነበረ፣ የመሸከም ኀይሉ በአንድ ጊዜ በግማሽ አደገ ማለት ነው፤ በመቀመጫው ላይ ያለው ሰውም ክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ የሆነ ይመስለዋል። አየሩ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኀይሉ በቂ ከሆነ ቀበቶ ያላሰረው ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። የሚያናውጠው ሽክርክሪት ከመቶ ሜትር እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። ከዚያ የበለጠው አይሮፕላኑን ቀስ አድርጎ ያነሣዋል ወይም ያወርደዋል እንጂ አያንገጫግጨውም፤ ከዚያ በጣም ያነሰውንም ክንፉ በርዝመቱ ያጣፋዋል።

ጉዳቱ ተረት አይደለም። በግንቦት 21 ቀን 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር 229 ሰዎችን ይዞ ይበር የነበረ ቦይንግ 777 በምያንማር ሰማይ ላይ፣ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለ፣ ተናወጠ። የመዝጋቢው መሣሪያ እንዳሳየው በ0.6 ሴኮንድ ውስጥ በሰው ላይ ያለው ኀይል ከ1.35 እጥፍ ክብደት ወደ ሌላው አቅጣጫ 1.5 እጥፍ ተገለበጠ፤ በ4 ሴኮንድ ውስጥ ደግሞ ተመለሰ። አይሮፕላኑ የወረደው 54 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ሞተ፤ ብዙዎችም ክፉኛ ቈሰሉ። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲለው የምንፈልገው የወረደበትን ርቀት ሳይሆን የተገለበጠበትን ፍጥነት ነው። በአሜሪካም የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ከ2009 እስከ 2018 በታላላቅ የአየር መንገዶች ላይ ከደረሱት አደጋዎች ከሲሶው በላይ ከአየር መናወጥ የመጡ ነበሩ። ክፉኛ ከቈሰሉትም አብዛኞቹ ቆመው የሚያገለግሉት የበረራ አስተናጋጆች ናቸው።

አሁን ወደ ይጁቤ እንመለስ፤ በበጋ ወራትም እንጀምር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሌሊቱ ጥርት ያለ ስለ ሆነ ምድሩ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅቃል። ከምድሩ ጋር የተጠጋው አየር ይቀዘቅዛል፤ ክብደትም ያገኛል። በአፋፉ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይፈስሳል። በላዩ ሞቃት አየር ተጭኖ ስለሚያድር ጧት ጢስ እንኳ ከቤቱ ጣሪያ ብዙ ሳይርቅ ተዘርግቶ ይታያል። በዚህ ሰዓት የሚበር አይሮፕላን እንደ ቅቤ በለሰለሰ አየር ውስጥ ያልፋል።

ፀሓይ ከወጣች በኋላ ግን ምድሩ ይሞቃል፤ የሞቀውም አየር በየቦታው እንደ ፍል ውሃ እየተነሣ ከላይ የተጫነውን ንጣፍ ከሥሩ መብላት ይጀምራል። ንጣፉ ተበልቶ ባለቀ ጊዜ ከላይ ይነፍስ የነበረው ነፋስ ወደ ምድር ይወርዳል። ይህንን ሰዓት የጎጃም ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በአውድማው ላይ ጤፉን አበራይቶ ከጨረሰ በኋላ መንሹንና ላይዳውን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል እንጂ በጧት አያዘራም። ገለባውን ከፍሬው የሚለይለት ነፋስ የሚመጣው ረፋዱ ላይ ነው። እኛ በመማሪያ መጽሐፍ «የድንበር ንጣፍ መደባለቅ» ብለን የምናጠናውን ነገር እርሱ በእህሉ ይለካዋል። በይጁቤ አፋፍ ላይ የሚያድረው ጥንብ አንሳ አሞራም እንዲሁ ነው። በጧት ክንፉን አያደክምም፤ ከገደሉ ላይ ተቀምጦ ይቈያል። የሞቀው አየር መነሣት ሲጀምር ክንፉን ዘርግቶ ሳያርገበግብ እየዞረ ይወጣል። አሞራው የሚዞርበት ስፍራ ለትንሽ አይሮፕላን የሚናወጥበት ስፍራ ነው።

የዚህ መናወጥ ጣሪያ እስከ የት እንደሚደርስ በቀላል ሒሳብ መገመት ይቻላል። የአየሩ ሙቀትና የጤዛ ነጥቡ በተለያዩበት በእያንዳንዱ ዲግሪ የደመናው ሥር 125 ሜትር ያህል ከምድር ከፍ ይላል። ለምሳሌ በቀትር ሙቀቱ 24፣ የጤዛ ነጥቡ 8 ዲግሪ ቢሆን፣ ልዩነቱ 16 ነው፤ የደመናው ሥር ከምድር 2,000 ሜትር ይርቃል። ይህንን በደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ብንደምረው 4,400 ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ከጮቄ ጫፍ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራውን ሲጀምር የነበሩት ሲ-47 አይሮፕላኖች የተሳፋሪውን ክፍል አየር አምቀው የሚይዙ አልነበሩምና ብዙ ከፍ ማለት አይችሉም ነበር። በደጋው ላይ ሲያልፉ ከዚህ ንጣፍ ውስጥ መውጣት አይሆንላቸውም። ዛሬ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የሚበረው ኪው 400 እስከ 7,600 ሜትር ሊወጣ ስለሚችል ንጣፉን የሚያገኘው በመውጣትና በመውረድ ጊዜ ብቻ ነው። ሆኖም መንገዱ አጭር ስለ ሆነ መውጣትና መውረዱ የበረራውን ትልቅ ክፍል ይይዛል።

የሙቀቱ ነገር ይህን ያህል ግልጽ ሲሆን፣ ጥርት ባለ ሰማይ በከፍታ ላይ የሚመጣው መናወጥ ግን ሌላ ምክንያት አለው። ይህንን ለመረዳት ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1920 ያቀረበውን ሐሳብ መያዝ ይበቃል። ሁለት የአየር ንጣፎች በተለያየ ፍጥነት አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ እንበል። የፍጥነታቸው ልዩነት ንጣፎቹን ሊያገላብጥ ይፈልጋል። የላይኛው ሞቃትና ቀላል፣ የታችኛው ቀዝቃዛና ከባድ ከሆነ ግን ርጋታው መገለባበጡን ይከለክላል። የርጋታው ኀይል ለነፋሱ ልዩነት ኀይል ሲካፈል የሚገኘው ድርሻ የሪቻርድሰን ቍጥር ይባላል። ከ0.25 በታች ሲወርድ ንጣፎቹ እንደ ባሕር ሞገድ ይጠቀለሉና ይሰበራሉ። ይህንን ወሰን ማይልስና ሃዋርድ በ1961 በሒሳብ አጸኑት።

በቍጥር እናሳይ። ውፍረቱ 500 ሜትር በሆነ ንጣፍ ውስጥ፣ አየሩ ሁሉ ወደ አንድ ግፊት ቢመጣ የሚኖረው ሙቀት ከታች እስከ ላይ በ2 ዲግሪ ቢያድግ፣ የነፋሱም ልዩነት በሴኮንድ 5 ሜትር ቢሆን፣ ቍጥሩ 1.2 ያህል ይወጣል፤ አየሩ የረጋ ነው። የነፋሱ ልዩነት ወደ 15 ሜትር ቢያድግ ግን ልዩነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ ቍጥሩ በዘጠኝ እጅ ቀንሶ 0.14 ያህል ይሆናል፤ ንጣፉም ይሰበራል። ነፋሱ ሦስት እጥፍ ሲያድግ አደጋው ሦስት እጥፍ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

እንዲህ ያለው ልዩነት በብዛት የሚገኘው ከምድር ወገብ በራቁት አገሮች፣ ጄት ዥረት በሚባለው ፈጣን ነፋስ ጠርዝ ላይ ነው። ተራራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በመጋቢት 5 ቀን 1966 ከቶኪዮ የተነሣ አንድ ቦይንግ 707 ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በፉጂ ተራራ አጠገብ በአየር ላይ ተሰባብሮ 124 ሰዎች አለቁ። ብርቱ ነፋስ ተራራውን ሲሻገር ከጀርባው ሞገድ ያበጃል፤ ሞገዱም ሲሰበር የሚፈጥረውን ኀይል የአይሮፕላኑ አካል አልቻለውም። የእኛስ ጮቄ እንዲህ ያደርግ ይሆን? ለተራራ ሞገድ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። በተራራው ጫፍ ላይ በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ነፋስ፣ ነፋሱም ተራራውን አግድም የሚመታ መሆኑ፣ ከጫፉም አጠገብ የረጋ ንጣፍ መኖሩ። በአገራችን ኬክሮስ እንዲህ ያለ ነፋስ በየቀኑ አይገኝም። በበጋ የምሥራቅ ነፋስ ሲበረታ ግን ከጮቄ በስተምዕራብ እንደ ምስር ቅርጽ ያለ፣ ነፋስ እየነፈሰበት ከቦታው የማይንቀሳቀስ ደመና ከታየ፣ ሞገዱ በዚያ አለ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ዋና አደጋ በእኛ አስተያየት ሌላ ነው፤ እርሱም የክረምቱ ነጎድጓድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ደጋውን ሲወጣ፣ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ደመና እንደ ግንብ ይቆማል። በውስጡ አየር በሴኮንድ ከ10 እስከ 30 ሜትር ፍጥነት ሊወጣ ይችላል፤ በአጠገቡ ደግሞ በዝናብ የቀዘቀዘ አየር ይወርዳል። ወደ ደመናው መግባት እንደሌለበት አብራሪ ሁሉ ያውቃል። የሚያስቸግረው ከደመናው ውጭ ያለው ነው። ደመናው ወደ ላይ ሲገፋ በዙሪያው ያለውን የረጋ አየር እያወዛወዘ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱም ርቆ ይሰበራል። ከብርቱ ነጎድጓድ ቢያንስ 37 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ይገባል የተባለው ስለዚህ ነው። የአይሮፕላኑ ራዳር የሚያየው የዝናቡን ጠብታ እንጂ አየሩን አይደለም። በደመናው አናት ላይ ያለው ደረቅ በረዶ ደግሞ የራዳሩን ሞገድ በደንብ ስለማይመልስ ገና እየወጣ ያለው ደመና ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል። በዚሁ ክረምት ከላይ፣ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ፣ የሐሩር ምሥራቃዊ ጄት የሚባለው ነፋስ ይነፍሳል። ከታች ደቡብ ምዕራብ፣ ከላይ ምሥራቅ! ከይጁቤ ሆኖ ዝቅተኛው ደመና ወደ አንድ ወገን፣ እንደ ጥጥ የተፈተለው ከፍተኛው ደመና ወደ ሌላው ወገን ሲሄድ ማየት ይቻላል።

ትንበያው እንግዲህ እንዴት ይሠራል? የታላላቆቹ ትንበያ ጣቢያዎች ኮምፒዩተር ምድርን በነጥቦች ከፋፍሎ የአየሩን ጠባይ በየነጥቡ ያሰላል። ከነዚህ የተሻለው የአውሮፓው ማእከል ከ2016 ጀምሮ ነጥቦቹን በ9 ኪሎ ሜትር ያራርቃል። አይሮፕላኑን የሚያናውጠው ሽክርክሪት ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ መናወጡን ራሱን ፈጽሞ አያየውም። የሚያየው መናወጥ የሚወለድበትን ሁኔታ ነው። ሐኪም ተሐዋስያኑን ሳያይ በትኩሳቱ በሽታውን እንደሚገምት፣ ትንበያውም የሪቻርድሰንን ቍጥር፣ የነፋሱን ልዩነት፣ የአየሩን መወጠርና መጨማደድ ያሰላል። ከዚያም ብዙ ምልክቶችን አዋሕዶ አንድ ግምት ይሰጣል። በለንደንና በዋሽንግተን ያሉት ሁለቱ የዓለም አካባቢ ትንበያ ማእከሎች ይህንን በቀን 4 ጊዜ አዘጋጅተው ለዓለም ሁሉ ይልካሉ። ለኢትዮጵያ ሰማይ ብርቱ መናወጥ ሲጠበቅ ወይም ሲታይ ሲግሜት የሚባለውን ማስጠንቀቂያ የማውጣት ኀላፊነት የአገሪቱ ነው። የአገራችን የሜትዎሮሎጂ ሥራ ራሱ የተጀመረው በ1951 በሲቪል አቪየሽን ውስጥ በተቋቋመ ትንሽ ክፍል ነበር። በ1980 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል።

መናወጡ የሚለካበት መስፈሪያም ተለውጧል። ድሮ አብራሪው «ቀላል»፣ «መካከለኛ» ወይም «ብርቱ» ብሎ በራዲዮ ይናገር ነበር፤ አሁንም ይናገራል። ነገር ግን ትንሹን አይሮፕላን የሚያስጨንቀው አየር ትልቁን ቦይንግ አይነቀንቀውም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት በአየሩ ላይ እንጂ በአይሮፕላኑ ላይ ያልተመሠረተ መስፈሪያ መረጠ። ይህም የትልልቁ ሽክርክሪት ጕልበት ወደ ትንንሹ እየተላለፈ የሚጠፋበት ፍጥነት ሲሆን፣ ከቍጥሩ የሚወሰደው ኪዩብ ሥሩ ነው። ከ0.20 እስከ 0.45 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ብርቱ ይባላል። የዘመኑ አይሮፕላኖች ይህንን ቍጥር በጕዞ ላይ ሳሉ በራሳቸው እያሰሉ ወደ ምድር ሊልኩ ይችላሉ፤ ከኋላ የሚመጣውም አይሮፕላን በዚያ ይጠነቀቃል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለን። ምልክቶቹ በብዛት የተፈተኑትና የተስተካከሉት በአሜሪካና በአውሮፓ ሰማይ ነው፤ በዚያ አይሮፕላኑ ብዙ፣ መረጃውም ብዙ ነውና። በ2023 የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በሰሜን አትላንቲክ ላይ ብርቱ የጠራ ሰማይ መናወጥ ከ1979 እስከ 2020 በ55 በመቶ እንዳደገ አሳይተዋል። ይህንን ቍጥር አንሥቶ በጎጃም ላይ መለጠፍ ግን ስሕተት ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ የምድር መዞር በነፋስ ላይ ያለው ኀይል ደካማ ነው፤ ጄቱም ሌላ ነው፤ መናወጡም በብዛት ከደመና የሚወለድ ነው። የአየሩን ከፍታ በባሎን የሚመረምረው የአዲስ አበባ ጣቢያም ከደብረ ማርቆስ በአየር መስመር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመካከል ደግሞ ዓባይ አለ። በ9 ኪሎ ሜትር ነጥብ የተሣለው ዓባይ ገደል ሳይሆን ዝርግ ጐድጓዳ ነው። በአፋፉ ላይ ረፋድ የሚነሣውን የቈላ አየርና ከደጋው የሚመጣውን ነፋስ መጋጨት ከዚያ ሥዕል ማንበብ አይቻልም።

ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ፤ መሣሪያውም ውድ አይደለም። አንድ እርጥብና ደረቅ ቴርሞሜትር፣ አንድ የነፋስ መለኪያና ደብተር ይበቃል። በበጋ የአውድማው ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት፣ አሞራው ከገደሉ የሚለቅበትን ሰዓት፣ በቀትር ሙቀቱንና የጤዛ ነጥቡን፣ በክረምት ደግሞ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ከየት ወገን እንደ ተሰማና ደመናው ወዴት እንደ ሄደ በየቀኑ መጻፍ። አንድ ዓመት የተጻፈ ደብተር ከለንደንና ከዋሽንግተን በሚመጣው ግምት አጠገብ ቢቀመጥ፣ ግምቱ በጎጃም ደጋ ላይ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደሆነ ያሳያል። ሰዓት ሲጻፍ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትንበያዎቹ ሁሉ የሚወጡት በግሪንዊች ሰዓት ነው። የእኛ ቀን 6 ሰዓት በዚያ አቈጣጠር 9 ሰዓት፣ የእኛ ቀን 9 ሰዓት ደግሞ 12 ሰዓት ስለ ሆነ፣ በደብተሩ ራስጌ ላይ በየትኛው እንደ ተጻፈ መለየት አለበት፤ አለዚያ የረፋዱ ነፋስ ከቀትር በኋላ የተነሣ መስሎ ይቈጠራል።